ሰርቨሩ ሲቆም የማይከፈት ኮንሶል፦ የቅሬታ ደብዳቤ

ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ የከፈልንበትን የሲሪያል ኮንሶል (የሰርቨሩን ጽሑፍ ከሩቅ የምናነብበትና ትእዛዝ የምንሰጥበት መስመር) አገልግሎት ስላለማግኘታችን

ከእናንተ የተከራየነው ሰርቨር ባለፈው ሳምንት ከርነሉ (የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ የሊኑክስ እምብርት) ከታደሰ በኋላ ሪስታርት ተደርጎ ሳይነሳ ቀረ። የክሊኒኮች ቀጠሮ የሚመዘገብበት ሰርቨር ነው። በኤስኤስኤች፣ ማለትም በተለመደው የርቀት መግቢያ፣ መግባት አልተቻለም። በቢኤምሲ (ሰርቨሩ ውስጥ ባለች፣ ሰርቨሩን ከሩቅ በምትቆጣጠር ትንሽ ኮምፒውተር) በኩል ኮንሶል ይኑረን ብለን ተጨማሪ የከፈልነው እንዲህ ላለው ቀን ነበር። ሊኑክሱ ቢቆምም ቢኤምሲው ለብቻው ስለሚሠራ።

ቢኤምሲው ውስጥ ገባን። ማጥፋትና ማብራት ይሠራል። ሲሪያል ኮንሶሉን ስንከፍት ግን "በሌላ ሰው ተይዟል" አለን። ከእናንተ ቴክኒሻኖች አንዱ ከፍቶት ሳይዘጋው ሄዷል። መስመሩን የሚይዘው በአንድ ጊዜ አንድ ሰው ብቻ ነው። የተያዘውን እንዳንዘጋው ደግሞ ለአካውንታችን ፈቃዱን አልሰጣችሁትም።

ቲኬት ስንከፍት "አጥፍታችሁ አብሩት" ተባልን። ይህ መልስ በጣም አሳዝኖናል። እኛ የፈለግነው ሰርቨሩ ለምን እንደቆመ የሚናገረውን ጽሑፍ ማንበብ ነው። ያ ጽሑፍ የሚወጣው በኮንሶሉ ነው፤ ማንም ሳያየው ሰርቨሩን ማጥፋት ማስረጃውን መደምሰስ ነው።

ማምሻውን መስመሩ ተለቀቀ። ሰርቨሩ ለመነሳት ሲሞክር ግን ስክሪኑ ላይ የመጣው የማይነበብ ፊደል ነበር። ባዮሱ (ሰርቨሩን መጀመሪያ የሚያስነሳው ፕሮግራም) በሴኮንድ በ9600 ቢት ፍጥነት ይልካል፣ ቢኤምሲው በ115200 ይጠብቃል። ሰርቨሩን ስታስረክቡን ማስተካከል የነበረባችሁ እናንተ ናችሁ። ሁለቱ ሲስማሙ ችግሩ ወዲያው ታየ፦ ከርነሉ ዋናውን ዲስክ አላገኘውም። ቡት ሜኑው (ሲነሳ የሚመጣው ምርጫ) ላይ አንድ መስመር አርመን ተነሳ። ይቺን ለማረም ነው ሕመምተኞች ቀኑን ሙሉ ያለ ቀጠሮ የተጉላሉት!

ሌላም አለ። ባለሙያችሁ "ፖርት 623ን ለኢንተርኔት ክፍት እናድርግላችሁ" ብሎናል። አንፈልግም። በዚህ ፖርት የሚሠራው የቢኤምሲው መገናኛ ደንብ፣ አይፒኤምአይ 2.0፣ የይለፍ ቃሉን ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ በስሌት የሚወጣ ኮድ) ገና ላልገባ ሰው አሳልፎ እንደሚሰጥ ከ2013 ጀምሮ የታወቀ ነው። ሃሹን የያዘ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ሰብሮ የይለፍ ቃሉን ሊያገኝ ይችላል። መግቢያው በቪፒኤን (በተመሰጠረ የግል መስመር) ብቻ ይሁን፤ የሌሎች ደንበኞቻችሁም እንዲሁ።

የተንጠለጠለ መስመር ራሳችን የምንዘጋበት ፈቃድ ይሰጠን። ቴክኒሻኖቻችሁ ኮንሶላችንን ሲከፍቱ አስቀድመው ይንገሩን። የዚህ ወር የኮንሶል ክፍያም ይመለስልን። መልሳችሁን በጽሑፍ እንጠብቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የድርጅቱ የሲስተም አስተዳዳሪ