ሶኬቱ ላይ የተለጠፈው ፕላስተር

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍላችሁ ከዲላ ነው። ሥራዬ ትርጉም ነው፤ መጠይቅ፣ የሥልጠና መመሪያ፣ አንዳንዴም የመድኃኒት አጠቃቀም ወረቀት ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ። አሠሪዎቼ አዲስ አበባ ናቸው፣ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው። ቢሮ የለኝም። ላለፉት ሁለት ዓመታት ቢሮዬ ካፌ ነው።

ባለፈው ሰኞ ወደማዘወትረው ካፌ ስገባ ጥግ ላይ ያለችው ሶኬት በቡናማ ፕላስተር ተሸፍና አገኘኋት። ያውም በመስቀለኛ፣ ሁለት ጊዜ። ቁስል የታሸገ ነው የሚመስለው። ከላይ በእስክሪብቶ «ለረጅም ሰዓት መቀመጥ ክልክል ነው» ተብሎ ተጽፏል። አስተናጋጇን አየኋት። «የኔ እናት፣ ባለቤቱ ነው» አለችኝ ቀስ ብላ፣ ጥፋቱ የእሷ ይመስል አንገቷን ደፍታ።

ተናድጄ ወጣሁ። ማኪያቶ እንኳን አላዘዝኩም። ማታ ሳስበው ግን ሰውዬው ጨርሶ አልተሳሳተም።

አንድ ማክሰኞ ሥራው ሲሰለቸኝ አጠገቤ ያለው ጠረጴዛ ላይ ማን እንደሚቀመጥ ስቆጥር ውዬ ነበር። ከጠዋቱ 2 ሰዓት ተኩል እስከ 6 ሰዓት ተኩል ዘጠኝ ሰው ተቀመጠበት። ዘጠኝ ትኩስ ነገር፣ ሁለት ፈጢራ፣ ሦስት ቦምቦሊኖ ተሸጠ። እኔ በዚያው አራት ሰዓት፣ አራት ወንበር ያለው ጠረጴዛ ብቻዬን ይዤ፣ የጠጣሁት ሁለት ማኪያቶ ነው። ሒሳቤ 120 ብር። ባለቤቱ እኔን ባየ ቁጥር ፊቱ ለምን እንደሚጠቁር ያን ቀን ገባኝ። እውነቱን ለመናገር፣ አንድ ጊዜ በቦርሳዬ ቆሎ ይዤ ገብቼም አውቃለሁ።

ግን ቆጠራው ሌላም ነገር ይናገራል። ከዘጠኙ ሰዎች ስድስቱ የመጡት ለቁርስ ነው፤ ሦስቱ ደግሞ ከ6 ሰዓት በኋላ። ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያን ጠረጴዛ ዝንብ እንኳን አልጎበኘውም። አስተናጋጆቹ ግድግዳ ተደግፈው ስልካቸውን ይነካካሉ። ቴሌቪዥኑ የትናንቱን ጨዋታ ይደግማል። ከቀኑ 8 እስከ 10 ሰዓትም እንደዚያው ነው። በእነዚህ ሰዓታት ከእኔ ሌላ ቤቱ ውስጥ ያለው ሰው፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚታገል አንድ ሁለት ተማሪ ነው።

«ቤትሽ አትሠሪም?» የሚለኝ ብዙ ነው። የምኖረው በአንድ ግቢ ካሉ ስድስት ክፍሎች በአንዷ ነው። ለሁላችንም ቆጣሪው አንድ ነው። አከራዬ ምጣድ ሲጥዱ አምፖሉ ይቀላል፣ የላፕቶፔ ቻርጀር ሥራ ያቆማል። እንጀራ አይጋገር አይባል ነገር። ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ከቆርቆሮው ጩኸት የተነሳ ስልክ ማናገር የማይታሰብ ነው፤ ዲላ ደግሞ ዝናብ አታጣም፣ በልጉም ክረምቱም የእኛው ነው። ዩኒቨርሲቲው፣ ሽማግሌዎቹ አሁንም «ኮሌጁ» የሚሉት፣ ቤተ መጻሕፍት አለው። እሱ ግን የተማሪው ነው። እኔ ተመርቄ መታወቂያዬን መልሻለሁ፤ ቅሬታ የለኝም።

የጀበና ቡናም ሞክሬያለሁ። መንገድ ዳር ሸራ ወጥረው የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። እሳቸው ዘንድ ተነሺ የሚል የለም። ቡናው ራሱ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ነውና መቆየት የሥርዓቱ አካል ነው። ጤና አዳሙን ጣል አድርገው ሲሰጡኝ ሌላ ሥራ የለኝም ያሰኛል። ችግሩ ዱካው ነው። ላፕቶፑ ጉልበቴ ላይ፣ ፍሙ እግሬ ሥር። በሦስተኛው ቀን ፈንዲሻ ሲዘገንልኝ አንዷ ፍሬ ኪቦርዱ ውስጥ ገባች። «ነ» የምትጻፍበት ቁልፍ ለሁለት ቀን አልነካ አለች። አማርኛ ያለ «ነው» እንዴት ይጻፋል? ሃያ ገጽ ትርጉም «ነው»ን ከሌላ ቦታ እየቀዳሁ እየለጠፍኩ ጨረስኩ። ከዚያ ወዲህ እናታችን ዘንድ የምሄደው ለቡናው ብቻ ነው።

የሚያስቀው፣ ይህን ሁሉ የምንነታረከው ቡና አገር ተቀምጠን መሆኑ ነው። ይርጋጨፌ ጎረቤታችን ናት። በመስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው እንሰት፣ ቡናና ትልልቅ ዛፍ አንድ መሬት ላይ ተደራርበው ስለሚኖሩ ነው። እኛ አንድ ጠረጴዛ ላይ መስማማት አቃተን።

ለካፌ ባለቤቶች የምለው አጭር ነው። ወንበሩን ሽጡልን። ማኪያቶ እየገዛን ወንበር የምንሰርቅ አታስመስሉን፤ ወንበሩ ራሱ ዋጋ ይኑረው። ከ4 እስከ 6 እና ከ8 እስከ 10 ሰዓት፣ ለሁለት ሰዓት ይህን ያህል ብር፣ አንድ ትኩስ ነገር ጨምሮ፣ ሶኬት ጨምሮ ተብሎ ይለጠፍ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ጠረጴዛውን እንለቃለን። እኔ በበኩሌ 150 ብር ያለማንገራገር እከፍላለሁ፤ ተማሪ ያን ያህል አይችልም፣ ለእሱ ይቀነስለት። መብራት ሲሄድ ጀነሬተሩ የሚነሳው ለማሽኑና ለፍሪጁ እንጂ ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ያን ጊዜ ላፕቶፑን ንቀይ ብባል አልከፋም። ስልክም ውጪ ወጥተን እናነጋግር። ሁለት ሜትር ርቆ የተቀመጠ ሰው የእኔን የክፍያ ጭቅጭቅ የመስማት ግዴታ የለበትም።

ይህን ለእናንተ የጻፍኩት ያ ባለቤት ጋዜጣችሁን ስለሚገዛ ነው። ከስፖርት ገጹ ቢጀምርም እዚህ መድረሱ አይቀርም። ስሜን ባያውቅም መልኬን ያውቀዋል፤ መስኮቱ ሥር የምቀመጠው፣ ማኪያቶ ነጣ አድርጉልኝ የምለዋ ነኝ። ማክሰኞ 4 ሰዓት ላይ እመጣለሁ። ዋጋውን እሱ ይቁረጥ፣ ፕላስተሩን እኔ እልጠዋለሁ።

አንዲት ተርጓሚ፣ ከዲላ