«የለህም ትለኛለህ?»

ድሬዳዋ፣ ከዚራ

ሚጡዬ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን። ሙቀቱ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ቀን ቤቱ ምድጃ ስለሆነ ይህን የምጽፍልሽ ማታ በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው።

እሁድ በስልክ ያልሽኝ ከጆሮዬ አልወጣም። «አባ፣ ፖለቲካ አይመቸኝም። ኮድ ኮድ ነው፤ ይሠራል ወይ አይሠራም» አልሽኝ። መልስ ነበረኝ። ግን እናትሽ ስልኩን ነጠቀችኝና ወደ ሽሮና በርበሬ ገባችሁ።

ባንቺ ዕድሜ እኔም እንዲሁ ነበርኩ። መጋላ ሰፈር ቴፕ ስጠግንና ካሴት ስቀዳ «የኔ ሥራ ሽቦ ነው» እል ነበር። ደንበኛ ባዶ ካሴት ይዞ ይመጣል። በአንዱ ገጽ ዓሊ ቢራ፣ በሌላው ጥላሁን፣ ትርፍ ቦታ ካለ የሶማሌ ዘፈን፣ ከዚያ አንድ የህንድ ፊልም ሙዚቃ። (ሌብነት ነበር፤ አልክድም። የቅጂ መብት አዋጁ በ1996 ሲወጣ እኔ ሱቁን ትቼ ነበር፤ ለዚህ እንኳ ተመስገን።) ዓሊ ድሬ ተወልዶ፣ ገና ልጅ ሳለ ከአፍራን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ጋር መድረክ ወጥቶ በኦሮምኛ ሲዘፍን፣ ያ ራሱ እንደ ፖለቲካ ይታይ እንደነበር የገባኝ ዘግይቶ ነው። ስንቱን ካሴት ቀድቼ ያለፈበትን አልጠየቅኩም። ሽቦ ብቻ።

ከተማሽን ደግሞ እያት። የባቡሩ ሐዲድ ከጅቡቲ ሲመጣ ሐረር ነበር የታሰበው። ተራራው አስቸገረ፤ ወጪው በዛ። መሐንዲሶቹ ከታች ሜዳው ላይ እንዲያልፍ ወሰኑ። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ደረሰና «አዲስ ሐረር» የተባለች ሰፈር በቀለች፤ ያቺ ናት ድሬ። ከዚያ ገንዘብና የመንግሥታት ሽኩቻ መስመሩን እዚሁ ገተረው፤ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። አንቺ ከዚራ ጥላ ሥር ብስክሌት የተማርሽው አንድ ሰው ስለ ዳገት ቁልቁለት ሒሳብ ስለሠራ ነው። ሐረሮች ይህን ዛሬም ሙሉ በሙሉ ይቅር አላሉንም፤ ቀልድ ቢያስመስሉትም።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ነግሬሽ አላውቅም፤ አፍሬ ነው።

ዛሬ ዐሥራ ሁለት ዓመት ገደማ አንድ የሰፈር ዕድር መዝገቡን ኮምፒውተር ላይ እንዳስገባለት ጠየቀኝ። ክርስቲያኑም እስላሙም ያለበት ዕድር ነው። በነፃ ሠራሁላቸው፤ ኮርቼም ነበር። ስሞቹን እኔና አንድ ጎረምሳ ተካፍለን ጻፍን። አንድ ቀን ጠዋት አንድ አዛውንት መጡ። ስማቸውን ሐሰን አሕመድ እንበል። ሌሊት ሚስታቸው ሞታ ነበር። ቀብሩ በዚያው ቀን ስለሆነ ድንኳንና ገንዘብ ቶሎ ይፈለጋል። ስማቸውን ጻፍኩ። ማሽኑ «አልተገኘም» አለ። ደግሜ ጻፍኩ። አልተገኘም። «አባባ፣ እዚህ የሉም» አልኳቸው።

ዝም ብለው አዩኝ። «እዚህ ቆሜ የለህም ትለኛለህ?» አሉኝ።

ጸሐፊው አሮጌውን ደብተር ከካዝናው አውጥቶ በአንድ ደቂቃ አገኛቸው። የ20 ዓመት መዋጮ፣ አንድ ወር ያልጎደለ። ጎረምሳው በሀሌታው «ሀ» ጽፏቸው ነበር፤ እኔ በሐመሩ «ሐ» ፈለግኳቸው።

አንቺ ምክንያቱን ወዲያው ታውቂዋለሽ። ፊደላችን በፈረንጆቹ 1999 ኮምፒውተሮች ፊደልን ሁሉ በቁጥር በሚለዩበት ዝርዝር፣ በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ «ሀ»፣ «ሐ» እና «ኀ» ለየብቻ ቁጥር ተሰጣቸው። ትክክል ነው፤ ግዕዙ እንዲያ ነው። ለጆሯችን ግን አንድ ድምፅ ናቸው። «ሰ» እና «ሠ»፣ «አ» እና «ዐ» እንዲሁ። ቆጠርኩት፦ «ሐሰን አሕመድ» ቢያንስ በ36 ዓይነት ይጻፋል። ሰውየው አንድ ናቸው።

ኮዱ ይሠራ ነበር፣ ሚጡ። አንድም ስህተት አላሳየም። «ፊደሉ ከተለየ ሰውየው ሌላ ነው» ብዬ የወሰንኩት ግን እኔ ነኝ። ስወስን መወሰኔን እንኳ አላወቅኩም። ለቅሶ ላይ ያለን ሰው ከዕድሩ ያስወጣሁት ምንም ክፋት ሳይኖረኝ ነው። ፖለቲካ አይመቸኝም ስትዪ ትዝ የሚለኝ ይኸ ነው እንጂ ፓርላማው አይደለም።

ትልቁንማ ራስሽ አይተሻል። ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ አጭር መልእክት ሁለት ዓመት ያህል ተዘጋ። አንቺ ገና ሕፃን ነበርሽ። በ2012 ሰኔ ኢንተርኔቱ ለሦስት ሳምንት ሲጠፋ ግን ስልክሽን ይዘሽ ጣሪያ ላይ ስትወጪ አስታውሳለሁ። ጣሪያ ምን ሊያደርግ! ሁለቱንም ጊዜ የሆነ ቴክኒሻን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ትእዛዙን ጽፏል። ምናልባት እሱም «የኔ ሥራ ሽቦ ነው» ብሎ ይሆናል። አልፈርድበትም፤ የወር ደመወዙን አውቀዋለሁ።

ሁሉም ግን መጥፎ አይደለም። ነሐሴ 2014 ሳፋሪኮም ሙከራውን ከአዲስ አበባ በፊት እኛ ጋ ሲጀምር እናትሽ ወረፋ ላይ ነበረች። በ07 የሚጀምር ቁጥሯን እስከ ዛሬ እንደ ታርጋ ታሳያለች። አሁን ማታ ማታ ቃና ተከፍቶ ሁላችንም ስልካችን ላይ ነን። ለእናትሽ ቲክቶክ የሠርግ ልብስ ያመጣላታል፤ ለወንድምሽ ኳስና ንትርክ፤ ለእኔ ቴፕ የሚጠግን አንድ ግብፃዊ። የካሴቱ ደንበኛዬ ዓሊንና ጥላሁንን አንድ ላይ የሚያደርገው እሱ ራሱ ነበር። የእኛን ማን እንደሚቀዳልን አላውቅም። ምናልባት አንቺን የሚመስል ሰው ነው፤ ጎበዝ፣ ፖለቲካ የማይመቸው።

የዕድሩን ፍለጋ በኋላ አስተካከልኩት፤ ሦስቱን «ሀ» እንደ አንድ ያያል። አሁን የተያዝኩት ሌላ ጋ ነው። ወጣቶቹ አባላት ስማቸውን በላቲን ይዘው ይመጣሉ። ሶማልኛ «ሐ»ን በኤክስ ይጽፋል። በኦሮምኛ ቁቤ ግን ያው ኤክስ «ጠ» ነው። እዚህ ሰፈር ደግሞ ሁለቱም ጎን ለጎን ይኖራሉ። ማሽኑ ሰውየው በየትኛው ቋንቋ እንደጻፈ በምን ይወቅ? ልጠይቀው? ጥያቄውስ ሌላ ነገር አይመስልም? ሁለት ሳምንት አስቤበት አልጨረስኩም። ፋይሉን በቴሌግራም ልኬልሻለሁ፤ ለበዓል ስትመጪ አብረን እናየዋለን።

አባባ ሐሰን ደህና ናቸው። መጋላ ባገኙኝ ቁጥር እጄን ጨብጠው፣ «እንዴት ነው፣ ዛሬስ አለሁ?» ይሉኛል።

አባትሽ