ለጌም ቤታችን አባላት፦ ስለ ግራፊክስ ካርድ ግዢ

ሰላም ለሁላችሁ። ለኮምፒውተሮቻችን የምንገዛውን ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ምስል የሚሠራውን ክፍል) ቅዳሜ እንወስናለን። ከቀኑ 9 ሰዓት ደብረ ብርሃን፣ እዚያው ሱቃችን።

እኔ ከፍጥነቱ ዕድሜው ይቅደም ባይ ነኝ። ካርዱ ከጠዋት እስከ ማታ እረፍት የለውም። ጂቲኤክስ 1650 የሚባለው ካርድ የሚበላው 75 ዋት ገደማ ነው፤ ተጨማሪ የፓወር ገመድ የማይፈልጉ ሞዴሎችም አሉት። ሜሞሪው ግን 4 ጊጋባይት ነው። እንደ ቫሎራንት ላለ ቀላል ጌም ይበቃል፤ አዳዲሶቹ ከባድ ጌሞች ያስጨንቁታል። ባለ 6 ጊጋባይቱ አርቲኤክስ 3050 ደግሞ 70 ዋት ብቻ ነው። ዋጋው ከተስማማን ምርጫዬ እሱ ነው።

ዩዝድ አርኤክስ 580 የሚባል ካርድ በርካሽ አለ ያላችሁ አላችሁ። እሱ 185 ዋት ይጠጣል። በዚያ ላይ ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ በመስከረም 2015 ዓ.ም. በግራፊክስ ካርድ መቆፈሩ (መመረቱ) ሲቀር፣ ሌት ተቀን ሲነዱ የከረሙ ካርዶች ገበያ ወጥተዋል። ዩዝድ ካገኛችሁ ፋኑን በጣት አዙሩት፤ ከተንገጫገጨ ተዉት። የብሎኑ ጭንቅላት የተፋቀ ከሆነ ካርዱ ተከፍቷል ማለት ነው። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ከባድ ጌም ግማሽ ሰዓት ያህል ይሞከርበት።

የከተማችን ብርድ ለካርዱ ደግ ነው፣ ለእኛ ባይሆንም። ጠላቱ አቧራና ሄድ መጣ የሚል መብራት ነው። ስለዚህ ስታቢላይዘር በጀቱ ውስጥ ይግባ።

መርካቶ የምትጠይቁ፣ ዋጋውንና የዋስትናውን ጊዜ ጽፋችሁ ኑ። ሱቃችን ውስጥ ያላችሁ ደግሞ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) ላይ የተጻፈውን ዋት ፎቶ አንስታችሁ ላኩ። መምጣት የማትችሉ እስከ ዓርብ ማታ ምርጫችሁን እዚሁ ጻፉልን።