ይድረስ ለአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ዝግጅቱ አዘጋጆች፦ ገንዘቤንም ካባዬንም

ሰላም ናችሁ? እኔ ተወዳዳሪ ቁጥር 17 ነኝ። ከደብረ ማርቆስ የመጣሁት፣ ሰማያዊ ሹሩባ የተሠራሁት። በር ላይ ያቆማችሁት ልጅ "ማዘር፣ ልጅሽን ልታስገቢ ነው?" ያለኝ። አስታወሳችሁኝ?

በቴሌግራም አራት ጊዜ ጻፍኩላችሁ። ለመጀመሪያው "ውድ ቤተሰባችን፣ ቅሬታሽን ተቀብለናል" አላችሁ። ከዚያ ጭጭ። ይኸው ሦስት ሳምንት ሆነ። እንግዲህ እንደ ወጉ ደብዳቤ ልጻፍ ብዬ ተነሳሁ። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ። እኔም በራችሁ ላይ ከሰባት ሰዓት በላይ ታግሻለሁ።

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው ከሰዓቱ ነው። ፖስተራችሁ "ቅዳሜ 3:00" ይላል። ጠዋት አይል፣ ከሰዓት በኋላ አይል፣ 3:00 ብቻ። እኔ ማርቆስ ነው ያደግኩት፤ እኛ ጋ ሦስት ሰዓት ማለት ፀሐይ ሞቅ ብላ፣ ቁርስ ተበልቶ፣ ቶናው የሚቀዳበት ሰዓት ነው። እናንተ ለካ በፈረንጅ ነው የቆጠራችሁት፣ ዘጠኝ ሰዓት ማለታችሁ ነው። ፖስተሩ ግን ከላይ እስከ ታች በአማርኛ ነው! በአማርኛ ጽፎ በእንግሊዝኛ መቁጠር የት አገር ነው ያለው? በር ላይ የነበረችው ልጅ "ሁሉም ሰው እኮ ያውቀዋል" አለችኝ። ሁሉም ሰው የሚባለው አዲስ አበባ ያለው ጓደኛችሁ ከሆነ እውነቷን ነው።

ለናንተ ይሄ የስድስት ሰዓት ስህተት ነው። ለእኔ ምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ።

32 ዓመቴ ነው። መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው፣ ባል አለኝ፣ የአምስት ዓመት ልጅ አለችኝ። አኒሜ ማየት የጀመርኩት አንዳንዶቻችሁ ሳትወለዱ ሳይሆን አይቀርም። ጎረቤታችን እህል ነጋዴ ነበሩ፤ ሰፈር ውስጥ ዲሽ ያላቸው እሳቸው ብቻ። በአረብ ጣቢያ ካፒቴን ማጂድ ይመጣል። አሥራ ምናምን ልጅ ምንጣፋቸው ላይ ተደርድረን፣ አንድ ቃል አረብኛ ሳናውቅ፣ ማጂድ የመታት ኳስ ጎል እስክትደርስ ሦስት ቀን እንጠብቃለን። ሜዳው አያልቅም ነበር እኮ። ልጁ ዓረብ ነው ብዬ ነው ያደግኩት። ጃፓናዊ እንደሆነና ስሙም ፁባሳ እንደሆነ የሰማሁት ግቢ ገብቼ ነው። በጣም ነው የተናደድኩት።

ግቢ ደግሞ ናሩቶ የሚባለው አኒሜ ነበር። ስድስት ሴት፣ አንድ ላፕቶፕ፣ መብራት ሲጠፋ ባትሪው እስኪሞት ድረስ። ማንጋው፣ አኒሜው የተቀዳበት የሥዕል መጽሐፍ፣ ኅዳር 2007 ላይ በ700ኛው ምዕራፍ ሲያልቅ የመመረቂያ ዓመታችን ነበር፤ ዶርማችን ለቅሶ ቤት መሰለ። ከዚያ ሥራ፣ ሠርግ፣ ልጅ። ከአኒሜ ጋር ተጣልተን አይደለም፣ እንዲሁ ዛሬ እደውልለታለሁ ነገ እደውልለታለሁ እያልኩ የተውኩት ጓደኛ ሆነብኝ።

የመለሰችኝ ልጄ ናት። አራስ ሆኜ፣ ሌሊት አልተኛም ስትለኝ፣ እሷን በአንድ እጄ ስልኩን በሌላው ይዤ ዋን ፒስን ከአንድ ብዬ ጀመርኩት። በፈረንጆቹ 1999 ጀምሮ እስካሁን ያላለቀ፣ ከ1,100 ክፍል በላይ የሆነ ጉድ ነው። በቀን አንድ ክፍል ብታዩ ሦስት ዓመት ይፈጃል። እኔ በሳምንት ሦስት ካየሁ ትልቅ ነገር ነው። እሷ ስድስተኛ ክፍል ስትደርስ አሁን ካለበት እደርስ ይሆናል። ባለቤቴ "ካርቱንሽን አየሽ?" ይለኛል። ከሱ ሌላ ይሄን ጉዴን የሚያውቅ ሰው ከተማ ውስጥ የለኝም። የማወራው ሰው የለኝም ማለቴ ነው። ስለዚህ "ልጅም አዋቂም ኑ፣ አንድ ቤተሰብ ነን" የሚለው ማስታወቂያችሁ ሲደርሰኝ ሳላስበው ቴሌብሬን ከፈትኩ። 600 ብር ቲኬት፣ 300 ብር የኮስፕሌይ (እንደ አኒሜ ገጸ ባሕርይ የመልበስ) ውድድር መመዝገቢያ።

አሁን ካባው ጋ ደረስን።

የመረጥኩት የናሩቶዋን ኮናን ነው። የሌላው አኒሜ መርማሪው ኮናን አይደለም፣ አካትሱኪ የሚባለው የክፉዎች ቡድን አባሏ። በቡድኑ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ናት፣ ሰማያዊ ፀጉር አላት፣ መሣሪያዋ ወረቀት ነው። ቀይ ደመና ያለበትን የቡድኑን ጥቁር ካባ ላሰፋ እኛው ሰፈር ያሉ ልብስ ሰፊ ጋ ሄድኩ። ጋሼ ፎቶውን ስልኬ ላይ አይተው "የሠርግ ነው የምርቃት?" አሉኝ። የውድድር ነው አልኳቸው። "ጥቁር ካባ ለብሶ ውድድር? የምን?" ዝም አልኩ። በሳምንቱ ልወስድ ስሄድ ደመናዎቹ ቁጭ ብለዋል፣ ስፌቱ ልቅም ያለ ነው፣ ግን ጠርዙን ዙሪያውን ወርቃማ ዘርፍ ገጥመውበታል። እንደ ሙሽራ ካባ። "ባዶውን ደስ አላለኝም፣ ትንሽ ሞገስ ልስጠው ብዬ ነው። ለዘርፉ አላስከፍልሽም" አሉኝ። አካትሱኪ ማለት ሰው አሳዶ የሚይዝ፣ መንደር የሚያፈርስ ቡድን ነው። ዘርፍ የለውም። አውልቁልኝ ልላቸው አፌን ከፍቼ ነበር። ፊታቸውን ብታዩት እናንተም አትሉም።

ፀጉሯ ላይ ያለውን የወረቀት አበባ ራሴ ነኝ የሠራሁት። የመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ያለውን መመሪያ ታውቁታላችሁ አይደል፣ አንዴ ከተዘረጋ ተመልሶ የማይታጠፈውን? ስሱ ስለሆነ ለአበባ አንደኛ ነው። ማታ ማታ ደንበኛ ሲቀዘቅዝ እያጠፍኩ አሥራ አንድ አበላሽቼ አሥራ ሁለተኛው ወጣልኝ። ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ቅጠሉ ላይ "ከምግብ በኋላ" የሚል ያነባል። ሹሩባውን በሰማያዊ ዊግ ስሠራ አራት ሰዓት ፈጀ። ሰኞ ሥራ ስገባ አንድ ሽማግሌ ማዘዣቸውን እንደያዙ ፀጉሬን አይተው "እታለም፣ ምን ነካሽ?" ብለው ሌላ ባለሙያ አስጠሩ።

ጉዞው ያው ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሦስት ሹፌር ጠይቄ ዓርብ ሌሊት 11 ሰዓት ተነሳሁ። ደጀን፣ ዓባይ በረሃ፣ ጎሃ ጽዮን፣ ፍቼ እያልን 300 ኪሎ ሜትር። ልጄን አማቴ ያዙልኝ። ዓባይ ላይ ያለውን ድልድይ ስንሻገር፣ ጃፓኖች በእርዳታ የሠሩት በ2000 ዓ.ም. የተመረቀውን ማለቴ ነው፣ ዘንድሮስ ጃፓን እስከ ደጄ መጣልኝ ብዬ ለብቻዬ ሳቅኩ። አዲሱ ገበያ እህቴ ቤት አደርኩ። ዕቅዴ ጥብቅ ነበር፦ ሦስት ሰዓት ገብቼ፣ "5:00" ብላችሁ የጻፋችሁትን ውድድር ተወዳድሬ፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ መኪና ይዤ ማርቆስ ማደር። ምክንያቱም እሁድ ተረኛ ነኝ።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ በራችሁ ደረስኩ። የአዳራሹ ዘበኛ ግቢውን እየጠረጉ ነበር። ካባዬን አይተው "ልጄ፣ ሠርጉ ነገ ነው እኮ" አሉኝ። ጋሼ የገጠሙት ዘርፍ ሥራውን ጀመረ። ትኬቱን ሳሳያቸው አንገታቸውን ነቅንቀው በርጩማ አወጡልኝ፣ ሻይም ከጎን ካለችው ሱቅ አስመጡልኝ። በዚያ ቀን ሰው መሆኔን ያወቁልኝ እሳቸው ብቻ ናቸው፣ እሳቸው ደግሞ የናንተ ሠራተኛ አይደሉም። እናንተ ጋ ደወልኩ፤ ስልኩ ተዘግቷል። አምስት ሰዓት ላይ አንድ ልጅ ስፒከር ተሸክሞ መጣና ነገሩ ገባኝ። እዚያው በርጩማው ላይ ሆኜ የሥራ ባልደረባዬን ደውዬ ለመንኳት። የእኔን አንድ እሁድ ወሰደችልኝ፣ ዕዳው ሁለት እሁድ ነው። አንዱን ከፍያለሁ፣ አንዱ ይቀረኛል። ይሄን በብር አስሉልኝ እስቲ።

በሩ የተከፈተው 9:40 ነው። ከዚያ የ"ማዘር" ጉዳይ። ልጁ ክፋት የለውም፣ አውቃለሁ። ግን ሰማያዊ ሹሩባ ተሠርቼ፣ ደመና ያለው ካባ ለብሼ፣ ልጅ ላስገባ የመጣሁ ነው የመሰለው።

ልዋሽ አልፈልግም፣ ውስጥ ስገባ ደስ አለኝ። አንዲት የአሥራ ስድስት ዓመት የምትሆን ልጅ ከሩቅ "ኮናን!" ብላ ጮኸች፤ ሮጣ መጥታ አበባዬን አየችው፣ "ከምግብ በኋላ" የሚለውን አንብባ ሳቀችና ቁጭ ብለን አንድ ሰዓት አወራን። ስለ አንድ ሰው፣ ስለ ናሩቶው ኢታቺ ብቻ አንድ ሰዓት። አሥር ዓመት ሙሉ ያላወራሁትን ነው ያወራሁት። የተናደድኩት ለዚህ ጭምር ነው፤ ዝግጅቱ የሚረባ ባይሆን ኖሮ ትቼው እሄድ ነበር።

ውድድሩ ግን ምንድን ነው? በናንተ አቆጣጠር 11 ሰዓት የተባለው ማታ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተጀመረ። የተወዳዳሪ ልብስ ከመድረክ ጀርባ በቁጥር ይቀመጣል አላችሁ፤ ካባዬን አውልቄ፣ አጣጥፌ፣ "17" የተለጠፈበት ፌስታል ውስጥ አስገብቼ ሰጠሁ። አሥረኛው ተወዳዳሪ ከወረደ በኋላ መድረክ መሪው "በጊዜ እጥረት ምክንያት እዚህ ላይ እናቆማለን" አለ። የጊዜ እጥረት! ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ጀምሮ እዚያ ላለሁ ሰው! ከአሥሩ ውስጥ አራቱ የናንተን ቲሸርት ከሥር ለብሰው እንደነበር ደግሞ ሁላችንም አይተናል።

ፌስታሌን ልወስድ ከመድረክ ጀርባ ገባሁ። 17 ይላል። ከፈትኩት፣ ውስጡ የፕላስቲክ ጎራዴ ነው። ካባ የለም። አንዱ ልጅ "አብሮ ተነስቶ ይሆናል፣ ነገ እንፈልጋለን" አለኝ። ነገ እኔ ዓባይ በረሃ ነኝ።

ስለ ገንዘቡ ሳነሳ ያላችሁኝን አልረሳሁም፦ "እኛ እኮ በጎ ፈቃደኞች ነን፣ ገና ጀማሪ ነን፣ ደንበኛና ሻጭ አይደለንም።" እሺ። የቶኪዮው ኮሚኬት፣ አድናቂዎች ራሳቸው የሠሩትን ማንጋ የሚሸጡበት ዝግጅት፣ በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 1975 ሲጀመር 700 ያህል ሰው ነው የመጣው፤ ዛሬ በመቶ ሺዎች ይጎርፉበታል፣ አሁንም የሚያካሂዱት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። እዚያ ደንበኛ የሚባል የለም፣ የሚሸጠውም የሚገዛውም ተሳታፊ ነው ይላሉ። ጥሩ ነው፣ እኔም ተሳታፊ ልባል። ግን ተሳታፊ ከሆንኩ ሰዓቱን ንገሩኝ፣ ደንበኛ ከሆንኩ ብሬን መልሱ። ሁለቱንም አይደለሽም ካላችሁኝ ግን 900 ብር የከፈልኩት ለምንድን ነው?

የምፈልገውን ላሳጥረው። የውድድሩ 300 ብር ሙሉውን ይመለስ፣ ምክንያቱም አልተወዳደርኩም። ከቲኬቱ ግማሹ ይበቃኛል፣ ከዚያች ልጅ ጋር ላወራሁበት ሌላውን ግማሽ ትቼላችኋለሁ። ትራንስፖርቱን ከሁለት ሺህ ብር በላይ አውጥቻለሁ፣ እሱን አልጠይቅም፤ መንገዱን የመረጥኩት እኔ ነኝ። የሚቀጥለው ፖስተር ላይ "ከቀኑ 9 ሰዓት" ብላችሁ ጻፉ፣ አሥር ፊደል እንኳ አይሞላም። ከክፍለ ሀገር የሚመጣና ሥራ ያለው ሰው እንዲደርስ ውድድሩን መጀመሪያ ላይ አድርጉት፤ ዘፈኑና ፎቶው ማታ ይሁን፣ እዚያው ሰፈር ያደረ ይጨፍርበት። ሌላው ደግሞ በር ላይ ያለውን ልጅ "እህቴ" ማለት አስተምሩት።

እና ካባዬ። በስህተት የወሰደው ሰው አያጣውም፤ ቀይ ደመና ያለበት ጥቁር ካባ ብዙ ነበር፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው ግን አንድ ብቻ ነው። ጋሼ "ውድድሩ እንዴት ሆነ?" እያሉ ሁለቴ ጠይቀውኛል፣ በሱቃቸው በኩል ማለፍ ትቻለሁ። በማንኛውም የማርቆስ መኪና ላኩት፣ መናኸሪያ ወጥቼ እቀበላለሁ። ጎራዴውንም በዚያው መኪና እመልሳለሁ። አሁን ልጄ ጋ ነው፣ ትናንት የአማቴን ዶሮ ስታባርርበት እጀታው ላላ ብሏልና ቶሎ በሉ።

ቁጥር 17
ደብረ ማርቆስ