«ሲዘጋጅ ይቀጠራል» እስከ መቼ?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ አካል ጉዳተኞች የሥራ ቅጥር ፖሊሲ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤ ነው የምጽፍላችሁ። ጽሑፉ ጥሩ ነው፣ ግን ቁጥር ላይ ቆሟል። ስንት ሰው ተቀጠረ፣ ኮታው ስንት በመቶ ደረሰ፣ አለቀ። የት ነው የተቀጠሩት? ከማን ጋር ነው የሚሠሩት? ስንት ይከፈላቸዋል?

ታናሽ ወንድሜ የአእምሮ እድገት ውስንነት አለበት። አካል ጉዳተኞች ብቻ በሚሠሩበት ወርክሾፕ ውስጥ ፖስታ ሲያጥፍና ካርቶን ሲያሽግ ዘጠኝ ዓመት ኖሯል። የሚሰጠው የኪስ ገንዘብ እንጂ ደመወዝ የሚባል አልነበረም። ወላጆቼ በጠየቁ ቁጥር መልሱ አንድ ነው፦ «ገና ነው፣ ሲዘጋጅ ውጭ ይቀጠራል።» በዚያ ሁሉ ጊዜ ከዚያ ወጥቶ መደበኛ ሥራ ሲይዝ ያየሁት ሁለት ሰው ብቻ ነው። እዚያ ያሉትን አሠልጣኞች አልወቅስም፣ ደጎች ናቸው፣ ወንድሜንም ይወዱታል። ግን ዘጠኝ ዓመት ፖስታ ያጠፈ ሰው የለመደው ፖስታ ማጠፍ ነው።

በኋላ አንድ ሆቴል በልብስ ማጠቢያ ክፍሉ ቀጠረው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አንዲት የሥራ ደጋፊ አብራው ትገባ ነበር። ሥራውን ግን አልሠራችለትም። የማሽኑ ቁልፎች ላይ ባለቀለም ምልክት ለጠፈች፣ ፎጣና አንሶላ የሚለይበትን በፎቶ አዘጋጀችለት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ አለቃውን «አምስት ነገር በአንዴ አትዘዘው፣ አንዱን ሲጨርስ ሌላውን ንገረው» እያለች አስለመደችው። መጀመሪያ በየቀኑ ትመጣ ነበር፣ ከዚያ በሳምንት ሁለቴ፣ አሁን ስልክ ብቻ ነው። አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ደመወዙ አጠገቡ ከሚሠራው ሰው ጋር እኩል ነው። እናቴን ያስለቀሳት ግን ገንዘቡ አይደለም፤ የሥራ ባልደረቦቹ ምሳ ላይ ቦታ ይዘው ሲጠብቁት ማየቷ ነው።

ለዚህ ነው ኮታ ብቻውን አያሳምነኝም የምለው። ጀርመንን ተመልከቱ። 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው ቀጣሪ ከሥራ ቦታዎቹ 5 በመቶውን ከባድ ጉዳት ላለባቸው ሰዎች እንዲሰጥ ሕጉ ያስገድዳል፣ ካልሞላ ይከፍላል። በዚያችው አገር ግን ወደ 300 ሺህ የሚጠጋ ሰው አሁንም በተለየ ወርክሾፕ ውስጥ ነው፣ ዝቅተኛው የደመወዝ ወለልም አይመለከተውም። በሌላ በኩል የአሜሪካዋ ቨርሞንት ግዛት እንዲህ ያሉ ወርክሾፖችን ቀስ በቀስ ዘግታ እ.ኤ.አ. በ2002 ጨርሳለች፣ ድጋፉንም ሰዎቹ ወደተቀጠሩበት መሥሪያ ቤት ወስዳለች።

የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ኮንቬንሽንም በአንቀጽ 27 የሚናገረው ክፍትና አካታች ስለሆነ የሥራ ገበያ ነው። አፈጻጸሙን የሚከታተለው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ማብራሪያ፣ ለይቶ ማሠራት መብቱን ደረጃ በደረጃ እንደ ማስከበር ሊቆጠር እንደማይገባ በግልጽ ጽፏል።

የወላጆች ፍርሃት ይገባኛል፣ እኛም ቤት ነበር። ሥራውን ቢያጣስ? ድጎማው ቢቋረጥበትስ? ፖሊሲው መልስ መስጠት ያለበት እዚህ ላይ ነው። ሰውየው ደመወዝ በተቀበለ ማግስት ድጎማው ከተቆረጠና ሥራው ሳይሳካለት ሲቀር እንደገና ከዜሮ መጀመር ካለበት፣ የትኛው እናት ናት ልጇን «ሂድ ሞክር» የምትለው?

ስለዚህ በሚቀጥለው ጽሑፋችሁ የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት አንድ ነገር ጠይቁልን። ለአካል ጉዳተኞች ሥራ ከተያዘው በጀት ስንቱ ለተለየ ወርክሾፕ፣ ስንቱ ለሥራ ደጋፊዎች ደመወዝ ይወጣል?

ከአክብሮት ጋር፣
የአንድ ሠራተኛ እህት