በከተማው የልማት ዕቅድ ረቂቅ ላይ ለመወያየት የተላከ ጥሪ

ውድ አባላት፣

በልማት ዕቅዱ ረቂቅ ላይ የምናቀርበውን የጋራ አስተያየት ለመወሰን የፊታችን ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት በተለመደው አዳራሽ እንሰበሰባለን።

ዋናው ጥያቄ አዲሱ የፋብሪካዎች አካባቢ ከመኖሪያ ሰፈሮች ጋር እንዴት ይገናኝ የሚለው ነው። ረቂቁ ስለ ሥራ ዕድል በሰፊው ያትታል፤ ሠራተኛው በየቀኑ በመንገድ ላይ ስለሚያጠፋው ጊዜ ግን ምንም አይልም። ይህን ክፍተት በዝምታ ልናልፈው አይገባም። የመንገድና የክፍት ቦታ መሬት ከግንባታ በፊት ካልተከለለ በኋላ የሚገኘው በማፍረስና ካሳ በመክፈል ብቻ ነው። የብራዚሏ ኩሪቲባ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአውቶቡስ ብቻ የተለየ መስመር ከፍታ ረጃጅም ሕንፃዎች በዚያው መስመር ዳር እንዲሠሩ አድርጋለች። የዴንማርክ ዋና ከተማ የኮፐንሃገን እ.ኤ.አ. የ1947 ዕቅድም ግንባታው የባቡር ሐዲዶችን እንዲከተል፣ በመካከላቸው ያለው መሬት አረንጓዴ ሆኖ እንዲቆይ ነበር ያሰበው። በእኔ እምነት ፋብሪካው፣ ትራንስፖርቱና መናፈሻው በአንድ ካርታ ላይ አብረው መታቀድ አለባቸው።

ረቂቁን አንብባችሁ፣ ሊሻሻል ይገባል የምትሉትን አንቀጽ በጽሑፍ ይዛችሁ ኑ። የሰፈራችሁ ካርታ ካላችሁ አምጡልን።

መገኘት አለመገኘታችሁን እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁን። መምጣት የማይችል አባል ሐሳቡን ጽፎ ይላክልን፤ በስብሰባው ላይ ይነበባል።