ቤተ ሙከራው ይቅደም፣ ስሙ ይከተል፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢፌዲሪ ትምህርት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለድሬዳዋ አስተዳደር ትምህርት ቢሮ
ጉዳዩ፦ የሳይበር ደህንነትን በመጀመሪያ ዲግሪ ማስተማርን ይመለከታል

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ድሬዳዋ ውስጥ ኮምፒውተር እጠግናለሁ። ለትናንሽ ድርጅቶችም ኔትወርክ እዘረጋለሁ። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ሱቄ ይመጡና አንድ ጥያቄ ያበዙብኛል። «ጋሼ፣ ሳይበር ሴኪዩሪቲ ባጠና ያዋጣኛል?» ይሉኛል። ያዋጣል እላቸዋለሁ፤ ግን የምትገቡበት ግቢ ቤተ ሙከራ እንዳለው መጀመሪያ ጠይቁ። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ለእናንተ ላቀርብ ነው።

ልመናዬ አጭር ነው። በሳይበር ደህንነት ስም ዲግሪ የሚሰጥ የትኛውም የትምህርት ክፍል፣ የመጀመሪያውን ተማሪ ከመቀበሉ በፊት የሚሠራ ቤተ ሙከራ ይኑረው። የሌለው አይክፈት።

ለምን ይህን ያህል እንደማጠብቅ ላስረዳ። በኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 መሠረት፣ ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው ኮምፒውተር ወይም ኔትወርክ መግባት ወንጀል ነው። መሆንም አለበት። ፕሮግራሚንግ የሚማር ልጅ የትም ቁጭ ብሎ ቢለማመድ ማንንም አይነካም። የሳይበር ተማሪ ግን መከላከልን የሚማረው ጥቃት እንዴት እንደሚፈጸም አይቶ ነው። እንደ ልቡ የሚሰብረውና የሚጠግነው ነገር ካልተሰጠው ምን ላይ ይለማመድ? የጎረቤት ዋይፋይ ይነካካል። የአንዱን መሥሪያ ቤት ዌብሳይት ይሞክራል። ደግሞ ቀድሞ የሚሞክረው ሰነፉ አይደለም፤ ጎበዙ ነው። ዩኒቨርሲቲ ያስገባነውን ልጅ በገዛ እጃችን ፖሊስ ጣቢያ ልንልከው አይገባም።

ቤተ ሙከራ ምን እንደሚያደርግ በዓይኔ አይቻለሁ። በኮምፒውተር የተመረቀ አንድ ልጅ ሱቄ ውስጥ ለልምምድ ተቀምጦ ነበር። ሁለት አሮጌ ላፕቶፖችን በአንዲት ስዊች አገናኘን። አንዱ ላይ ዌብ ሰርቨር ጭነን፣ በኔትወርክ የሚያልፈውን ዳታ የሚያሳየውን ዋየርሻርክን ከፈትን። ከዚያ በሌላው ላፕቶፕ በተራ ኤችቲቲፒ (ዳታውን ሳይመሰጥር በሚልከው የዌብ አሠራር) የይለፍ ቃል እንዲያስገባ ነገርኩት። አስገባ። የጻፈው ቃል ፊደል በፊደል እዚያኛው ስክሪን ላይ ወጣ። ልጁ ስለ ኢንክሪፕሽን፣ ማለትም ዳታን ስለ መመስጠር፣ ተምሯል፣ ተፈትኖም አልፏል። ኢንክሪፕሽን ሲጎድል ምን እንደሚመስል ያየው ግን ገና ያን ጊዜ ነው። ዲጂታል ሰርቲፊኬት ጭነን፣ ዳታውን በሚመሰጥረው በኤችቲቲፒኤስ ስንደግመው ዝብርቅርቅ ያለ ነገር ብቻ ታየ። «ይህን ለምን እስከዛሬ አላሳዩንም?» አለኝ። የምመልስለት አልነበረኝም።

ቤተ ሙከራ ስል የሚያስፈራ በጀት እንዳይታያችሁ። 16 ጊጋባይት ራም ያለው ኮምፒውተር ሦስት አራት ቨርቹዋል ማሽን (በአንድ ኮምፒውተር ውስጥ በሶፍትዌር የሚፈጠር ሌላ ኮምፒውተር) ይሸከማል። እንዲህ ያለው ያገለገለ ኮምፒውተር ደግሞ ብርቅ አይደለም። ቨርቹዋል ማሽን የሚፈጥረው ቨርቹዋልቦክስ፣ የደህንነት መሞከሪያ መሣሪያዎች የተጫኑበት ካሊ ሊኑክስ፣ ዋየርሻርክም በነጻ ይገኛሉ። እንደ ሜታስፕሎይተብል ያሉ፣ ተማሪ እንዲለማመድባቸው ሆን ተብሎ ቀዳዳ የተተወባቸው ሲስተሞችም አሉ። አንድ የማይታለፍ ነገር አለ፤ የቤተ ሙከራው ኔትወርክ ከግቢው ኔትወርክም ከኢንተርኔትም የተነጠለ መሆን አለበት። ብር የሚበላው ሌላ ነው። የድሬን የግንቦትና የሰኔ ሙቀት ታውቁታላችሁ። ሰርቨር በዚያ ሙቀት ያለ ኤሲ አይከርምም፤ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ደግሞ ዲስኩ ይሄዳል። የግዢ ሰነዱ ላይ ኤሲና ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጥቂት ጊዜ የሚያቆይ ባትሪ) ካልተጻፉ፣ የተቀረው ዕቃ ባይገዛ ይሻላል።

ድሬዳዋ ለዚህ ትምህርት ለምን ትገባለች? የጅቡቲ ባቡር በእኛ በኩል ያልፋል። የድሬዳዋ ነጻ የንግድ ቀጠና በነሐሴ 2014 ተመረቀ። ሳፋሪኮምም የሙከራ ኔትወርኩን ለደንበኞች መጀመሪያ የከፈተው በዚያው ወር እዚሁ ድሬ ላይ ነው። ከተማዋ በዕቃ ማመላለስ የምትኖር ናት። ዕቃ ማመላለስ ደግሞ ዛሬ ያለ ኮምፒውተር ቀጥ ይላል።

እንዴት ቀጥ እንደሚል ዓለም አይቶታል። በሰኔ 2009 (እ.ኤ.አ. 2017) ኖትፔትያ የተባለ ማልዌር (ጎጂ ሶፍትዌር) ከዩክሬን የሒሳብ ሶፍትዌር ተነስቶ ግዙፉን የመርከብ ድርጅት ማርስክን መታው። ወደቦች ላይ ኮንቴይነር የጫኑ መኪናዎች ተሰለፉ። ድርጅቱ 4,000 ሰርቨርና 45,000 ኮምፒውተር እንደ አዲስ ጫነ። ኪሳራውን ራሱ ከ200 እስከ 300 ሚሊዮን ዶላር ገምቶታል። የሠራተኞቹን መለያና ፈቃድ የሚያስተዳድሩት ዶሜይን ኮንትሮለሮች እርስ በርስ ስለሚገለበጡ ሁሉም አብረው ጠፍተው ነበር። አንድ ብቻ ተረፈ፤ ጋና ውስጥ። የተረፈውም ጥቃቱ ሲደርስ እዚያ መብራት ጠፍቶ ስለነበረ ነው። ያን ያህል ሀብታም ድርጅት በመብራት መጥፋት ተረፈ! ከኔትወርኩ የተነጠለ መጠባበቂያ ቅጂ መያዝንና መልሶ መጫንን እጁ የለመደ ምሩቅ በየመጋዘኑና በየጉምሩክ አስተላላፊው ቢሮ ያስፈልገናል። ይህ ደግሞ በሃንድአውት የሚለመድ አይደለም።

«የመጀመሪያ ዲግሪ ላይ ምን አስቸኮለ? ኮምፒውተር ሳይንስ ይማሩና በማስተርስ ይለዩ» የሚሉ ባለሙያዎች አሉ። ግማሽ እውነት አላቸው። ኦፕሬቲንግ ሲስተም ሜሞሪን እንዴት እንደሚያስተዳድር የማያውቅ ልጅ ማልዌር ሊተነትን አይችልም። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ ፕሮግራሚንግ፣ ኔትወርክ፣ ኦፕሬቲንግ ሲስተምና ሒሳብ ከኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች እኩል ይማሩ፤ ከዚያ ይለዩ። ሥራ ቢጠፋ እንኳ በሶፍትዌር ያድራሉ። ማስተርስ እስኪደርሱ ይጠበቅ የሚለውን ግን አልቀበልም። ባንኩም ፋብሪካውም የሚቀጥረው ባለ መጀመሪያ ዲግሪውን ነው።

እንደ ኤሲኤምና አይትሪፕልኢ ያሉ የሙያ ማኅበራት በ2017 እ.ኤ.አ. ያወጡት የሥርዓተ ትምህርት መመሪያ ዘርፉን በስምንት ይከፍለዋል። ከስምንቱ አንዱ የሰው ደህንነት ነው። ይህ እኛ ጋ እንዲዘለል አልፈልግም። ቀፊራ ገበያ አትክልት የሚሸጡ አንዲት እናት «ሽልማት ደርሶዎታል፣ የላክንልዎትን ቁጥር ይንገሩኝ» የሚል ስልክ ተደውሎላቸው፣ ቁጥሩን ነግረው የሳምንት ሽያጫቸውን አጥተዋል። የትኛውም ፋየርዎል እሳቸውን አያድናቸውም። የሚያድናቸው በሚገባቸው ቋንቋ ቀድሞ ያስረዳቸው ሰው ነው። የድሬ ልጅ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ሶማልኛ እየቀላቀለ ያድጋል። ተማሪዎቹ በሦስቱም ቋንቋ ገበያ ወጥተው ማስተማራቸው እንደ አንድ ኮርስ ይቆጠርላቸው።

የመውጫ ፈተናውም አለ። ምርጫ ያለው ጥያቄ ንድፈ ሐሳብን ይለካል፤ የተጠቃ ሰርቨር ፊት ተቀምጦ ሎግ (ሲስተሙ የሠራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) ማንበብን አይለካም። ለዚህ ዘርፍ የተግባር ፈተና ይጨመርለት። ለማስተማርም ማስተርስ ባይኖራቸውም ባንክና ቴሌኮም ውስጥ ዓመታት የሠሩ ባለሙያዎች ቤተ ሙከራውን እንዲያግዙ በሩ ይከፈት።

ኢንተርንሺፕ የወጡ ልጆች ፎቶኮፒ ሲያነሱ እንደሚከርሙ ራሳቸው ነግረውኛል። መሥሪያ ቤቶቹን አልፈርድባቸውም። የማያውቁትን ልጅ ሲስተማቸው ላይ ለማስቀመጥ ይፈራሉ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ከወጣ ወዲህ ደግሞ ፍርሃታቸው ምክንያት አለው። ሚኒስቴሩ ከባንኮች፣ ከባቡሩና ከነጻ የንግድ ቀጠናው ጋር የምስጢር ጥበቃ ውል ያዘጋጅ። ተማሪው ሎግ የሚያነብበት እንጂ የማይለውጥበት ፈቃድ ይሰጠው። ይህ ብቻውን ክረምቱን የሥራ ክረምት ያደርገዋል።

ልጆቹ የትምህርት ክፍል ምርጫ ሊሞሉ ነው። ቅጹ ከመከፈቱ በፊት፣ በዚህ ዘርፍ የሚያስተምሩ ግቢዎች ስንት የሚሠራ የቤተ ሙከራ ኮምፒውተርና ስንት የተግባር አስተማሪ እንዳላቸው በዝርዝር ይፋ አድርጉልን። በሚቀጥለው ጊዜ ሱቄ መጥተው ሲጠይቁኝ ያንን ዝርዝር አሳያቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያ
ሳቢያን፣ ድሬዳዋ